የአመጋገብ መዛባት ሕክምና ግብ፦ ምን ብለን እንጻፍ፣ በምንስ እንከታተል?

ነርስ ከቱሉ ዲምቱ

ሰላም ለሁላችሁም። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ባለ ክሊኒክ የአእምሮ ጤና ክትትል ላይ ነው የምሠራው። ምግብ እየቀነሱ የከሱ ወይም ከበሉ በኋላ የሚያስመልሱ ልጆችን ወላጆቻቸው ይዘዋቸው ይመጣሉ። አብዛኞቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። ምርመራው የሚያልቀው አማኑኤል ወይም መሃል ከተማ ያለ ሐኪም ጋ ነው፤ ቀጣዩ ቀጠሮ ከወር በኋላ ይሆናል። ከዚህ ደርሶ መመለስ ሙሉ ቀን ስለሚበላ በመሃል ያለውን ሳምንታዊ ክትትል እኛ እንይዛለን።

ችግሩ ግቡ ላይ ነው። ወረቀቱ ላይ ብዙ ጊዜ «ክብደት መጨመር፣ በደንብ መመገብ፣ ማስመለስ ማቆም» ተብሎ በአንድ መስመር ይመጣል። እናት «ኧረ ትበላለች» ትላለች፣ ልጅ «እየበላሁ ነው» ትላለች፣ ሚዛኑ ደግሞ አንዴ ይወጣል አንዴ ይወርዳል። ከአራት ሳምንት በኋላ ምን እንደተሻሻለ ለሐኪሙ የሚጻፍ ነገር አይገኝም።

ግቡ እንዴት ቢጻፍ ነው ቤተሰቡም ልጅቷም አንድ ነገር የሚረዱት? ክብደት በስንት ጊዜ ይመዘን፣ ቁጥሩንስ ለማን እንናገር? በደብተር ሊሞላ የሚችል ቀላል ቅጽ ያላችሁም ብትገልጹልኝ ደስ ይለኛል።

ሥነ ልቦና ለገጣፎ

ሲስተር፣ ወረቀቱ ላይ ያሉት ሦስቱም ግብ አይደሉም፤ ሕክምናው ሲያልቅ የሚጠበቁ ውጤቶች ናቸው። የክትትል ግብ ማለት ልጅቷ ወይም እናቷ ዛሬ ማታ ሊያደርጉት የሚችሉት፣ ሌላ ሰው አይቶ «ተደርጓል» ወይም «አልተደረገም» የሚለው ነገር ነው። «በደንብ መመገብ» ለእናት አንድ ሙሉ እንጀራ ነው፣ ለልጅ ሩብ። ሁለቱም «በልታለች» ሲሉ አልዋሹም።

አኖሬክሲያም (ምግብ እየገደቡ መክሳት) ይሁን ቡሊሚያ (ብዙ በልቶ ማስመለስ)፣ ወይም ሳያስመልሱ ከልክ በላይ የመብላት ችግር፣ የመጀመሪያው ግብ የምግብ ሰዓት ነው። በቀን 3 ዋና ምግብና 2 ወይም 3 መክሰስ፣ በመሃል ያለው ክፍተት ከ4 ሰዓት ሳይበልጥ። ክሪስቶፈር ፌርበርን ኦክስፎርድ ላይ ያዳበረው የሥነ ልቦና ሕክምናም መሠረቱ ይኸው ነው። ያ ሕክምና ክብደቱ ብዙ ላልወረደ ሰው 20 ክፍለ ጊዜ በ20 ሳምንት ይፈጃል፣ ክብደቱ ለወረደ ደግሞ ወደ 40 ክፍለ ጊዜ። ቤተሰቡ ይህን ቢያውቅ በሁለተኛው ሳምንት «ለምን አልዳነችም» ብሎ አያስጨንቃትም።

የምግብ ሰዓት የሚቀድምበት ምክንያት አለው። ቁርስና ምሳ የዘለለ አካል ማታ ላይ ማንም የማይቆጣጠረው ረሃብ ያመጣል፤ ከዚያ ብዙ ይበላል፣ ከዚያ ማስመለስ፣ በማግስቱ ደግሞ እንደ ካሳ ቁርስ መዝለል። «ማታ ብዙ አትብዪ» የሚል ግብ ቁርስ ሳይስተካከል ከተጻፈ በሁለተኛው ቀን መሰበሩ አይቀርም። የተሰበረ ግብ ደግሞ እንዲህ ያለችውን ልጅ ክፉኛ ይጎዳታል፤ አንድ ቀን ካመለጣት ሳምንቱ ሁሉ የተበላሸ ይመስላታልና።

ለዚህ የሚረዳ ዘዴ አለ። ኪረሱክና ሸርማን እ.ኤ.አ. በ1968 ለአእምሮ ጤና አገልግሎት ያወጡት ነው፤ ግቡን ባለ አምስት ደረጃ ያደርገዋል። ቁርስን እንውሰድ። ልጅቷ አሁን በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን ትበላለች እንበል። ያ ‑1 ይሁን። በ4 ሳምንት የሚጠበቀው 4 ወይም 5 ቀን ነው፣ እሱ 0። 6 ቀን +1፣ 7 ቀን +2። ከአሁኑ ወርዶ 0 ወይም 1 ቀን ከሆነ ‑2። የአሁኑን ሁኔታ ‑2 ላይ አታድርጊው፤ ብትብስ የምትጽፊበት ቦታ ታጪያለሽ። በየሳምንቱ አንድ ቁጥር ይከበባል፣ ለሐኪሙ የሚሄደውም እሱ ነው። ልጅቷም ከወደቀችና ካልወደቀች ሌላ መሃል ላይ ያለ ቦታ ታያለች።

በአንድ ጊዜ ከሦስት ግብ በላይ አትጻፉ። አንድ የምግብ፣ አንድ ሕመሙ የሚያስደርገው ድርጊት፣ አንድ ደግሞ ራሷ የምትመርጠው የኑሮ ግብ። ሦስተኛውን ሰዎች ይተዉታል፣ እኔ ግን አጥብቄ እጠይቃለሁ። ከጓደኞቿ ጋር እረፍት ሰዓት ላይ አንድ ሳምቡሳ መብላት፣ የአክስቷ ልጅ ሠርግ ላይ ከዘመድ ጋር መቀመጥ ሊሆን ይችላል። የቀሩት ሁለቱ የኛና የእናቷ ናቸው፤ የራሷ የሆነ ነገር ከሌለበት ወረቀቱን እንደ ቅጣት ታየዋለች።

ድርጊትን በተመለከተ «ማስመለስ ማቆም» አይጻፍ። የሚጻፈው የሚተካው ነገር ነው፦ ከምሳና ከእራት በኋላ 1 ሰዓት ከሰው ጋር መቆየት፣ መጸዳጃ ቤት ከምግብ በፊት መጠቀም። እኛ አገር ለዚህ ከቡና የተሻለ ነገር የለም። ገበታው ሲነሳ ቡናው ከተቆላ በረካው እስኪደርስ ሰዓቷ ታልፋለች፣ ማንም ሰው ጠባቂ ሳይመስል። ፈንዲሻው ለሁሉም ይቅረብ፤ እሷ ብቻዋን እንድትበላ እየተጠየቀች እንዳይመስላት።

ቅጹ ደብተር ላይ ስድስት ዓምድ ነው፦ ሰዓት፣ የተበላና የተጠጣው፣ የት ከማን ጋር፣ «ከልክ አለፈ» ብላ ካሰበች የኮከብ ምልክት፣ ማስመለስ ወይም የሚያስቀምጥ መድኃኒት ከነበረ ምልክት፣ በመጨረሻ በዚያ ሰዓት የነበረው ሐሳብና ስሜት። ካሎሪ፣ ግራም፣ ምንም ዓይነት የምግብ ቁጥር አይጻፍ። የሚሞላው ወዲያው ከተበላ በኋላ ነው። በቀጠሮው ዋዜማ በአንድ ቁጭታ የተሞላ ደብተር ያስታውቃል፤ ቀለሙ አንድ ነው፣ ሰዓቱ ሁሉ ሙሉ ሰዓት ነው፣ የስሜቱ ዓምድ ባዶ ነው። ያኔ ማፋጠጥ አያስፈልግም፤ ምን እንደከበዳት ጠይቂና ቢያንስ ከሰዓት በኋላ ያለውን ብቻ እንድትሞላ ተስማሙ። ስትመጣም ቅድሚያ የሚከፈተው ደብተሩ ይሁን። ያላየሽላትን ደብተር ከሦስተኛ ሳምንት በኋላ አትሞላውም።

ሥነ ምግብ ሰበታ

ከላይ በተጻፈው ላይ የገበታውን ነገር ልጨምር፤ አብዛኛው ዕቅድ የሚፈርሰው እዚያ ነውና።

በአንድ ትሪ ሲበላ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታይም። እንጀራውን እየቆረሰች ወጡን ዳር ዳር እየነካች፣ ለታናሽ ወንድሟ እያጎረሰች 40 ደቂቃ መቀመጥ ትችላለች፤ የቤተሰቡ ሁሉ ዓይን ግን «አብራን በላች» ብሎ ይመዘግባል። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ወራት በራሷ ሳህን ይቅረብላት፣ የሚያቀርበውም እናት ወይም ሌላ አንድ የታወቀ ሰው ይሁን። በቤተሰብ የሚመራው ሕክምና ሥርዓቱ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ መጠኑን ወላጅ ይወስናል፣ ክብደቱ ሲመለስ ውሳኔው ቀስ እያለ ለልጅቷ ይመለሳል፣ በመጨረሻ ወደ ተለመደው የወጣትነት ጉዳይ ይታለፋል። ወደ ጋራ ትሪ መመለስ ራሱ የሁለተኛው ምዕራፍ ጥሩ ግብ ነው። ጉርሻም እስከዚያው ይቆይ፤ በፍቅር ቢሆንም ሳትፈልግ አፏ ውስጥ የገባ ምግብ በማግስቱ ከገበታ ያርቃታል።

መጠን በዕቃ ይገለጽ፦ «አንድ እንጀራ፣ ሁለት ጭልፋ ሽሮ፣ አንድ ጭልፋ ምስር» ተብሎ። ጭልፋው ሁልጊዜ ያው ጭልፋ ይሁን። ሆዷ በትንሹ የሚሞላባት ከሆነ መጠኑን ከማብዛት ይልቅ ማወፈር ይሻላል። ገንፎው ላይ ቅቤ፣ አጥሚቱ በወተት፣ በሶው ላይ ማርና ዘይት፣ ዳቦው ላይ የለውዝ ቅቤ፣ ለመክሰስ የአቮካዶ ጭማቂ። ለረጅም ጊዜ በጥቂቱ የበላ ሰው ጨጓራው ቀስ ብሎ ነው የሚያሳልፈው። መነፋትና የሆድ ድርቀት የሚመጣው ከዚያ ነው፤ አንዳንዴ ቁርጭምጭሚት ያብጣል። ይህን ከመጀመራችሁ በፊት ንገሯት። ካልተነገራት ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሆዷን ዳብሳ «ወፈርኩ» ትላለች፣ ዕቅዱም እዚያ ይቆማል። እብጠቱ እየጨመረ ከሄደ ወይም ትንፋሽ ካጠራት ግን ሐኪም ይያት።

ክብደት በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በአንድ ሚዛን፣ በአንድ ቀንና ሰዓት፣ በቀላል ልብስ፣ ጫማ ወልቆ፣ ሽንት ከተሸና በኋላ። ሚዛኑ ክሊኒክ ይሁን፤ ቤት ያለው ይውጣ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን የአንድ ሳምንት ቁጥር ብቻውን ምንም አይልም። አራት ነጥብ ወረቀት ላይ አስቀምጪና መስመሩ ወዴት እንደሚያዘነብል እዪ። ከመመዘኗ በፊት ውሃ ጠጥታለች ብለሽ ከጠረጠርሽ በሽንት መመርመሪያ ወረቀቱ የሽንቱን ጥግግት ተመልከቺ፤ 1.005 ወይም ከዚያ በታች ሽንቱ በውሃ የቀጠነ መሆኑን ያሳያል።

ለተመላላሽ ታካሚ የሚጠበቀው በሳምንት ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው። በታዳጊዎች የቤተሰብ ሕክምና ጥናቶች እስከ አራተኛው ክፍለ ጊዜ ድረስ ወደ 2 ኪሎ የጨመሩት ልጆች ኋላ የመዳን ዕድላቸው ከፍ ብሎ ታይቷል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ወር «እስቲ ትልመድ» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ለሁለት ሳምንት መስመሩ ካልተነሳ አንድ መክሰስ ይጨመር ወይም በእያንዳንዱ ዋና ምግብ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ። መጠበቅ አያዋጣም፤ ክብደት እየመለሰ ያለ አካል ጉልበት ብዙ ያቃጥላል፣ ትናንት የበቃው ዛሬ ላይበቃ ይችላል።

ቁጥሩን ለማን? ሐኪሙ፣ አንቺና አንድ ወላጅ ታውቁት። ለልጅቷ ይነገራት አይነገራት የሚለውን ሕክምናውን የሚመራው ባለሙያ ይወስን፤ በአንዱ ዘዴ ከባለሙያው ጋር አብራ ታያለች፣ በሌላ ቦታ ጀርባዋን ሰጥታ ትመዘናለች። አንዱን መርጣችሁ ጽኑ። ለአጎትና ለጎረቤት ግን አይነገር።

ነርስ ከቱሉ ዲምቱ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ነገ የምጀምረው ነገር አገኘሁ። ሦስት ነገር ቀረኝ። አንደኛ ጾም፤ ብዙዎቹ ልጆች የሚጾሙ ናቸው፣ ወላጆችም «ጾሙን እንዴት እንከልክል» ይላሉ። ሁለተኛ ትምህርት ቤት፤ ምሳ ዕቃው ባዶ ሆኖ ይመለሳል፣ መበላቱን ግን ማንም አያውቅም። ሦስተኛ መጠይቅ፤ ኢዲኢ‑ኪው የሚባለውን የአመጋገብ መዛባት መጠይቅ ሰው ሰጥቶኝ ነበር፣ በየሳምንቱ ላስሞላ?

ማኅበራዊ ሠራተኛ ኮተቤ

ስለ ጾሙ፦ ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ነቢያት አለ፣ ፍልሰታ አለ። ሕመሙ በዚህ ውስጥ መደበቅ ይችላል፤ ልጅቷ እስከ 9 ሰዓት ሳትበላ ስትቆይ ቤቱ ሁሉ ያመሰግናታል። ግን ቤተ ክርስቲያን የታመመን ሰው በጾም አታስገድድም፤ በእስልምናም ሕመምተኛ በረመዳን ከመጾም ነፃ ነው። የሚያስፈልገው ከቤተሰቡ ውጭ ሥልጣን ያለው ሰው ቃል ነው። ጾሙ ከመግባቱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ እናትና ልጅ አብረው ወደ ንስሐ አባታቸው ይሂዱ፤ «ሕክምና ላይ ነች፣ በሐኪም የታዘዘ የምግብ ሰዓት አላት» ብሎ የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ከክሊኒኩ ቢይዙ ጥሩ ነው። ልጅቷ ራሷ ከንስሐ አባቷ አፍ «አንቺ አሁን ብዪ» የሚለውን ስትሰማ የእናት ልመና ከሚያደርገው በላይ ይሆናል።

ሰዓቱ ተፈቅዶ ምግቡ ብቻ የጾም ይሁን ከተባለ ቅቤው በዘይት፣ ወተቱ በሰሊጥ ወይም በሱፍ ወተት፣ መክሰሱ በለውዝና በአቮካዶ ይተካ። ሰዓትና ብዛት አይነካም። የጾም ምግብ ሆድ ይሞላል፣ ጉልበቱ ግን ቶሎ ስለሚያንስ ሚዛኑን በዚያ ወቅት አጥብቃችሁ ተከታተሉ።

ትምህርት ቤት ላይ ባዶ ምሳ ዕቃ ማስረጃ አይደለም። አንድ ሰው ይመረጥ፤ የክፍል ኃላፊ፣ የትምህርት ቤቱ አማካሪ፣ ወይም እሷ የተስማማችበት ጓደኛ። ሥራው ከእሷ ጋር ቁጭ ብሎ መብላት ብቻ ነው፣ ለእናት በስልክ አንድ ቃል ይላካል፦ «ሙሉ»፣ «ግማሽ» ወይም «አልተበላም»። ሰው ካልተገኘ ለጥቂት ሳምንት ለምሳ ቤት መግባት፣ ይህም ካልሆነ ምሳውን ከትምህርት በፊትና በኋላ ባሉት ምግቦች ላይ ማካካስ ነው፤ ይህኛው ግን ክፍተቱን ስለሚያረዝም የመጨረሻ አማራጭ ይሁን።

ሁለት ነገር ደግሞ ከቤት ውጭ ተመልከቱ። መንገድ ዳር ሚዛን ዘርግተው የሚያስመዝኑ ልጆች አሉ፤ በሳንቲም በቀን ሦስቴ መመዘን ይቻላል። ቤት ያለውን ሚዛን ካስወጣችሁ በኋላ «በዚህ ሳምንት ውጭ ስንት ጊዜ ተመዘንሽ?» ብሎ ያለ ቁጣ መጠየቅና ደብተሩ ላይ ማስፈር ነው። ሌላው ደረጃው፦ አራተኛ ፎቅ የምትኖር ልጅ «ሱቅ ልላክ» እያለች በቀን አሥር ጊዜ ከወረደችና ከወጣች ያ ስፖርት ነው፣ መልእክቱን ለወንድሟ ስጡት። ጎረቤት ደግሞ በቅንነት «ወፈርሽ፣ አማረብሽ!» ይላል። እናት ቀድማ ቡና ላይ «ስለ ሰውነቷ ምንም አትበሏት፣ ስለ ትምህርቷ ጠይቋት» ብላ ብትናገር ብዙ ነገር ይቀላል።

ዶክተር ሱሉልታ

በግቡ ወረቀት ጀርባ ላይ ከደረጃ ውጭ የሆነ ቀይ መስመር ይጻፍ። እዚህ ላይ ሲደረስ «እስከ ቀጠሮው እንይ» የለም፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው።

ታዳጊዎችና ወጣቶች ላይ የሚሠራበት መለኪያ ይህ ነው፦ ነቅታ ባለችበት ቀን የልብ ምት በደቂቃ ከ50 በታች፤ የደም ግፊት ከ90/45 በታች፤ የሰውነት ሙቀት ከ35.6 በታች፤ ከተኛችበት ስትነሳ ምቱ ተኝታ ከነበረው ከ40 በሚበልጥ ቁጥር መጨመር ወይም የላይኛው ግፊት ከ20 በሚበልጥ ቁጥር መውረድ። ምቱን ሙሉ 60 ሴኮንድ ቁጠሩ፤ 15 ቆጥሮ በ4 ማባዛት በቀርፋፋ ምት ላይ ያሳስታል። መጀመሪያ 5 ደቂቃ ትጋደም፣ ከዚያ ቆማ ከ2 ወይም 3 ደቂቃ በኋላ ድገሙት። ራስን መሳት፣ የደረት ሕመም፣ ደም ማስመለስ፣ ምግብና ውሃ ጨርሶ እምቢ ማለት፣ ራሷን ስለማጥፋት መናገር፦ እነዚህም ቁጥር አይጠብቁም።

ደጋግማ የምታስመልስ ወይም የሚያስቀምጥ መድኃኒት የምትወስድ ልጅ ክብደቷ ጤነኛ ቢመስልም ፖታሺየሟ ወርዶ ልቧን ሊያቆም ይችላል። ኤሌክትሮላይት (በደም ውስጥ ያሉ እንደ ፖታሺየም ያሉ ጨዎች ምርመራ) እና ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ይታዘዝላት፤ ማስመለሱ በሳምንት ከጥቂት ጊዜ በላይ ከሆነ ምርመራው ይደጋገም። ካስመለሰች በኋላ ጥርሷን ወዲያው አትቦርሽ፣ አሲዱ የጥርሱን ሽፋን ስላላላው ቡርሹ ይፍቀዋል፤ በውሃ ትጉመጥመጥ።

ለብዙ ቀናት ምንም ያልበላችን ወይም ክብደቷ እጅግ የወረደን ልጅ ደግሞ ቤት ውስጥ በአንዴ ምግብ አታብዙባት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፎስፌት፣ ፖታሺየምና ማግኒዥየም በደም ውስጥ በድንገት ሊወርዱ ይችላሉ። እንዲህ ያለችው ሆስፒታል ትጀምር፣ የእናንተ ሳምንታዊ ክትትል ከዚያ ይቀጥላል። የወር አበባ መመለስም በወረቀቱ ላይ ይመዝገብ፤ የእርግዝና መከላከያ ክኒን የምትወስድ ከሆነ ግን የሚመጣው ደም ማገገሟን አያመለክትም።

ሥነ ልቦና ለገጣፎ

መጠይቁ ቀርቶብኝ ነበር። ኢዲኢ‑ኪው 28 ጥያቄ ያለው ነው፣ የሚጠይቀው ስላለፉት 28 ቀናት ነው። በየሳምንቱ ካስሞላሽ ሦስቱን ሳምንት ደግመሽ እየለካሽ ነው፤ በየ4 ሳምንቱ ይበቃል። አብዛኛው ጥያቄ ከ0 እስከ 6 ነው የሚመለሰው፣ ከፍ ያለው የባሰ ነው፤ ውጤቱም ምግብ መገደብ፣ ስለ መብላት መጨነቅ፣ ስለ ቅርፅ፣ ስለ ክብደት ተብሎ በአራት ይከፈላል። ሲከፋፈል ነው የሚጠቅመው። ምግብ የመገደቡ ነጥብ ቀድሞ ሲወርድ፣ ስለ ቅርፅ ያለው ጭንቀት ለወራት እዚያው ሊቆይ ይችላል፤ ለቤተሰቡ ይህን አስረጂ፣ «ትበላለች ግን አሁንም ታለቅሳለች» ብለው ተስፋ እንዳይቆርጡ። ጾምን የሚመለከት ስለ ረጅም ሰዓት አለመብላት የሚጠይቀው ላይ ደግሞ «ለክብደትሽ ብለሽ ነው ወይስ ለሃይማኖት?» ብለሽ ለይተሽ ጻፊ፤ ካልለየሽ ነጥቡ ያለ ምክንያት ይወጣል።

በመሃል ላሉት ሳምንታት ደብተሩና ባለ አምስት ደረጃው ይበቃሉ። አንድ ግብ 0 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ለ4 ሳምንት ከቆየ ከፍ አድርጊው ወይም በሌላ ተኪው። ለ3 ሳምንት ‑1 ላይ ከተቀመጠ ግን ልጅቷን ከመውቀስ በፊት ግቡን ዝቅ አድርገሽ ጻፊው፤ 5 ቀን ቁርስ ካልሆነ 3 ቀን፣ እናት ቤት ባለችባቸው ቀናት። ክብደቱ ሲመለስ ቀጠሮውን ከየሳምንቱ ወደ ሁለት ሳምንት፣ ከዚያ ወደ ወር አርዝሚ፤ የፈተና ሰሞንና ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ለጊዜው ወደ ሳምንት መልሺው። ለሐኪሙ የምትልኪው አንድ ገጽ ላይ የአራቱ ሳምንት ክብደት፣ የሦስቱ ግቦች ቁጥር፣ ተኝታና ቆማ የተቆጠረው የልብ ምት፣ በታች ደግሞ ልጅቷ ራሷ የጻፈችው አንድ መስመር ይኑር።